ጣቴ ያገኘው ሥር

እና እስቲ ቀረብ በይ ነፍሴ፣ በዚህ የሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ካንቺ ሌላ የማወራው የለኝም፣ ቀረብ በይና እኔው ለእኔው ልንገርሽ፣ ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ አንድ ቀን ዘንቦ ሁለት ቀን የሚያርፍበት ጊዜ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት አሥር ቀን ቀርቶታል፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዩኒፎርም ምራቴ የልብስ ስፌት ማሽን አጠገብ ተቆልሏል፣ ምራቴ ደግሞ እዚያ በር ውስጥ ናት፣ በሩ አረንጓዴ ነው መሰለኝ፣ ወይ ሰማያዊ፣ ዓይኔ እንደሆነ ከሁለት ዓመት ወዲህ አረንጓዴና ሰማያዊ አይለይልኝም፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም፣ ለማንም።

አለመናገር ውሸት ነው ወይስ ዝም ማለት ብቻ ነው።

ጥበቃውን ሰዓት ልጠይቀው፣ ልጄ ስንት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሊሞላ ነው ማዘር ቁጭ ይበሉ፣ ቁጭ ብያለሁኮ፣ በቃ እንደተቀመጡ ይቀመጡ፣ ይስቃል፣ አንድ ጥርሱ ወርቅ ነው መሰለኝ ብልጭ ይልብኛል፣ አምስት ሊሞላ ነው፣ እኔ መርፌውን የሰካሁት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ሬዲዮው ዜና ሊጀምር ሲል፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያ እጅ እንደዚያ ሆኖ፣ ሊጥ እንኳ በሦስት ሰዓት ኩፍ ብሎ መልሶ ይተኛል፣ ሥጋ ምን ይሆናል፣ ሥጋ ስንት ሰዓት ይጠብቃል።

ምራቴን ራሷን ሁለት ቀን ሲፈልጣት ነው የከረመው፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ፣ ባልዲ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ውሃ ስትጠጣ ውሃውን፣ ሳትጠጣ ሐሞቷን ስታወጣ፣ ዛሬ ጠዋት ግን እንደምንም ግድግዳ ተደግፋ ወጥታ ከመድኃኒት ቤት ሁለት ብልቃጥ ይዛ መጣች፣ ባለመድኃኒት ቤቱ መቀመጫ ላይ ነው የሚወጋው ብሏታል፣ ብሏታል፣ ነግራኛለች፣ ሰምቻለሁ፣ ይህንንም ያዥልኝ ነፍሴ። እሷ ግን እማማ መቀመጫዬን ከወጉኝ ማሽኑ ጋ በምኔ ልቀመጥ ነው፣ በሥሬ ይስጡኝና ቶሎ ይልቀቀኝ፣ ሰባ ሁለት ኮሌታ ይጠብቀኛል፣ እኔም ስቄ እውነትሽን ነው፣ መቀመጫሽ ከታመመ ይህ ቤት ጦሙን ያድራል አልኳት፣ እርስዎ ደግሞ ባለጌ አማት ነዎት አለችኝ፣ ራሷን ይዛ እየሳቀች፣ ስትስቅ ያማታል፣ አያስቁኝ ትላለች፣ እኔ ደግሞ ላስቃት እወዳለሁ። ሰው አማትና ምራት አይዋደዱም ይላል፣ እኛን አላየም።

አሁን ያየናል። አሁን አሮጊቷ የልጇን ሚስት በመርፌ ጨረሰቻት ይላል።

ግራ እጇን ነው የሰጠችኝ፣ ቀኙ የማሽኑን መዘውር ያዞራል ብላ፣ ግራው ነው ግን ጨርቁን የሚነዳው፣ ኮሌታ የሚያዞረው፣ ከመርፌው ፊት ፊት የሚሄደው ግራ እጅ ነው፣ ሃያ ጊዜ አይቻታለሁ፣ ቀኙማ ማንም ያዞረዋል። እጅጌዋን ሰበሰብኩ፣ ከክርኗ በላይ ላስቲኩን አሰርኩ፣ ጨብጪ አልኳት፣ ጨበጠች፣ አየሁ፣ ምን አየሁ፣ ቆዳ፣ ጭጋግ፣ ድሮ ያ ሰማያዊው መስመር ከሩቅ ይጠራኝ ነበር፣ ሕፃን ላይ እንኳ፣ ሃያ ዓመት የሰፈሩን ሰው ስወጋ ሥር አምልጦኝ አያውቅም፣ እጃቸው አያሳምም ይሉኛል፣ ክሊኒክ ተሰልፈው ከሚውሉ እኔ ጋ ይመጣሉ፣ ያኔ ማለት ነበረብኝ፣ ልጄ አላይም፣ ሁለት ቃል ነው፣ ልጄ አላይም። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ጣቴን አሳረፍኩ።

ጣቴ ግን አገኘ፣ ከክርኗ እጥፋት፣ በውስጥ በኩል፣ ወደ ጎኗ በሚያደላው፣ ወፈር ያለ፣ ጠንከር ያለ፣ ትር ትር የሚል፣ ደስ አለኝ እኮ፣ እዚህ ነው ለካ የተደበቅከው አልኩት፣ እንደ ጠፋ ቁልፍ፣ የሚመታ ሥር ሕይወት ያለው ሥር ነው አልኩ በሆዴ፣ ከማን ሰማሁት፣ ከማንም፣ ከራሴ። የክሊኒኩ መርፌ ወጊ፣ ድሬሰሩ፣ ነፍሱን ይማረውና እንደዚያ ያደርግ ነበር፣ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ክሊኒክ ወለል ስወለውል፣ ሲሪንጅ ስቀቅል፣ ደም የነካው ጨርቅ ሳጥብ፣ ከመወልወያው እንጨት ኋላ ቆሜ እጁን አይ ነበር፣ እሱ አላስተማረኝም፣ ፊደል ላልቆጠረች ጽዳት ማን ያስተምራል፣ እኔ ነኝ በዓይኔ የሰረቅኩት፣ ሁለት ጣቱን ክርን እጥፋት ውስጥ ያሳርፋል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ ትንሽ ያዳምጣል፣ ከዚያ ይወጋል፣ የሚመታውን ሲያገኝ ነው የሚወጋው ብዬ ያዝኩ። ዓይኔ ደህና ሳለ ያ ትምህርት አላስፈለገኝም። ዛሬ አስፈለገኝ።

ሰካሁት። ሌላ ጊዜ ጎተት ሳደርግ ነው ጥቁር ደም ብቅ የሚለው፣ ዛሬ ሳልጎትት መጣ፣ ሲሪንጁን እየገፋ፣ አውራ ጣቴን እየገፋ፣ ቀይ፣ ፍም የመሰለ ቀይ፣ ያን ቀለም እንኳ እኔ አየሁት፣ ምን ዓይነት ጎበዝ ሥር ነው አልኩ፣ ላስቲኩን ፈታሁ፣ ገፋሁ። እማማ አቃጠለኝ፣ አይዞሽ መድኃኒት ነው ያቃጥላል፣ አይደለም እማማ ወደ ጣቶቼ እየሄደ ነው፣ ወደ ጣትሽ አይሄድም ልጄ፣ ወደ ልብሽ ነው የሚሄደው፣ ጣቶቼ ጋ ደረሰ፣ እሳት ነው፣ ያውጡት፣ ያውጡት እማማ፣ ቻይው ጨረስኩ፣ ይኸው ጨረስኩ።

ግማሹ ቀርቶ ነበር።

ወደ ጣቴ ሄደ ስትለኝ ሲሪንጁ ውስጥ ግማሹ ነበር፣ እኔ ቶሎ ይለቃት ብዬ ቀሪውን በአንዴ ገፋሁት፣ የመጀመሪያው ግማሽ ሥር ስቼ ነው እንበል፣ ድንገት ነው እንበል፣ ቀሪውን ግማሽ የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ እየጮኸች፣ እየነገረችኝ። አርባ ዓመት ሰው ሲያለቅስ አይዞህ ማለት ለምዶብኝ፣ አይዞሽ የሚለው ቃል ጆሮዬን ደፍኖት፣ እሷ የምትለውን አልሰማሁም፣ ሰምቻለሁ፣ ሰምቼ ነው፣ ኧረ አምላኬ።

ሴትዮዋ ከወንበሩ ወዲያ ጥግ ልጅ ታጠባለች፣ ልጁ ያመመው አይመስልም፣ እግሩን ያወዛውዛል፣ ጫማው አንድ ነው።

መርፌውን ነቀልኩት፣ ጥጥ አደረግኩ፣ እጇ ነጣ፣ መጀመሪያ ነጣ፣ እንደ ታጠበ ሳህን፣ ከዚያ እዚህም እዚያም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ፣ መዳፏ የእብነ በረድ ወለል መሰለ፣ ያልኩትን ልንገርሽ ነፍሴ፣ ደም ነው የቆመባት አልኩ፣ ውሃ አሞቅኩ፣ ነከርኩት፣ አሸሁት፣ ከላይ ወደ ታች፣ በኃይል፣ እሷ ጥርሷን ነክሳ፣ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ አሰርኩት፣ ከዚያ ፈታሁት፣ ከዚያ እንደገና ውሃ፣ ይለቃታል፣ ይለቃታል፣ ሬዲዮው ዜናውን ጨርሶ ስለ መንገድ መዘጋጋት ያወራል፣ አንድ ሰዓት ተኩል እንዲህ ሆንን፣ ጣቶቿ መታጠፍ እስኪያቅታቸው፣ ነካ ሳደርጋቸው ከክረምት መስኮት ይበልጥ እስኪቀዘቅዙ። ያን ጊዜ ነው ታክሲ የጠራሁት። የብልቃጡን ስባሪ ግን መሐረቤ ውስጥ ቋጥሬ ይዣለሁ፣ ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ ይኸው ጉያዬ ውስጥ ይወጋኛል።

እና ካርድ ክፍል ስንደርስ ካርድ የምታወጣው ልጅ ምን ሆና ነው ስትል፣ እኔ አፌን ልከፍት ስል፣ ምራቴ ቀደመችኝ፣ የልብስ ማሽን መርፌ ወጋኝ፣ መቼ፣ ዛሬ ጠዋት፣ የትኛውን ጣት፣ ይሄን፣ ሌባ ጣቷን አሳየቻት፣ እጅጌዋ እስከ አንጓዋ ወርዷል፣ የክርኗን ጥጥ ማንም አያየውም፣ ልጅቷ ጻፈች፣ ከማሽን መርፌ ሰው አይሞትም፣ ተራ ይጠብቁ፣ ተራችንን ያዝን፣ ቴታነስ ወጓት፣ ሁለት እንክብል ሰጧት። ምራቴ ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ እማማ ዝም ይበሉ፣ ካወቁ ፖሊስ ይጠራሉ፣ ባለፈው ያቺን አዋላጅ ነኝ ባይ እንዴት እንዳደረጓት ረሱት፣ እኔ እርስዎን እስር ቤት ስንቅ አላመላልስም፣ እግሬ አይችልም፣ ቀለደችብኝ እኮ፣ ያን እጅ በሌላው እጇ እንደ ሕፃን አቅፋ፣ ለእኔ ቀለደችልኝ። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንዴት ቀላል ነው፣ ምንም ማድረግ አያስፈልግም፣ መቀመጥ ነው።

ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ልጄ ነው፣ ሁለት ቀን መንገድ ላይ ነው ያለው፣ የጭነት መኪናው ጎማ ፈንድቶ፣ ሄሎ እማዬ፣ ማሽን ቤት ስደውል ሰው የለም፣ ጎረቤት ሆስፒታል ሄዱ አለኝ፣ ማንኛችሁ ናችሁ፣ እሷ ናት ልጄ፣ ምን ሆነች፣ ምን ሆነች ይለኛል፣ ጥበቃው እያየኝ ነው፣ የምታጠባው ሴትዮ እያየችኝ ነው፣ ማሽን ወጋት እላለሁ። እላለሁ፣ በራሴ አፍ። ልጄ ከት ብሎ ይስቃል፣ በአሥራ አንድ ዓመት ማሽኑ አንድ ጊዜ ቢመልስላት ነው፣ እሷም ስንት ጊዜ ወግታዋለች፣ በይ እግዜር ይማርሽ ብሏል በያት፣ ምን ይዤ ልምጣ፣ ምንም አታምጣ፣ እማዬ ድምፅሽ ምን ሆኗል፣ ምንም፣ ብርድ ነው፣ ዘጋሁት። አየሽ፣ ቅድም ውሸቱ የእሷ ነበር፣ አሁን የእኔ ሆነ፣ እሷ ለእኔ ብላ ዋሸች፣ እኔ ለማን ብዬ ነው።

በሩ ተከፈተ፣ ነርሷ ናት፣ እርስዎ ነዎት ከልብስ ሰፊዋ ጋር፣ አዎ ልጄ፣ ይሄን ይያዙላት፣ መዳፌ ላይ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ታስቀምጣለች፣ የጋብቻ ቀለበቷ ነው፣ ተቆርጧል፣ እብጠቱ ስላስጨነቀን ቆረጥነው፣ በሩ ሳይዘጋ አየሁ፣ ጭጋጉም ቢሆን አየሁ፣ ከአንጓዋ በታች ጥላ ወድቆበታል፣ ሌላው ሰውነቷ የሷ ነው፣ ከአንጓዋ በታች ያለው የሌላ ሰው እጅ ነው፣ ዶክተሯም ስትናገር ሰማሁ፣ ትንሽ ልጅ ናት በድምፅዋ፣ ይሄ ነገር አልገባኝም፣ አንድ ጣት ተወግቶ እጅ ሙሉ እንዲህ አይሆንም፣ የተወጋበትን ቀዳዳ አሳዩኝ፣ ጣት ላይ ምንም የለም እኮ፣ ኢንፌክሽን ነው እንዳልል ትኩሳት የላት፣ እስቲ ማታ ድረስ እንያት።

ማታ ድረስ።

ጣቷ ላይ ነው የሚፈልጉት። ቤቱ ሲቃጠል ጎረቤት ጓሮ ውሃ እንደሚደፋ ሰው። ክርኗን ማንም አያይም፣ እጅጌዋ ወርዷል፣ እሷም አትነግራቸውም፣ እኔን ትጠብቀኛለች፣ ጣቶቿን ከፍላ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ተቀምጬ እየተጠበቅኩ ነው፣ ምን ሆኜ ነው የምጠበቀው፣ ሰባ አራት ዓመቴ ነው፣ የቀረኝ ምንድነው፣ ቢያስሩኝ ስንት ዓመት ያስሩኛል፣ እስር ቤት ወለል ነው፣ ወለል ደግሞ አውቃለሁ፣ ፖሊስ አይደለም የፈራሁት ነፍሴ፣ አትዋሺኝ፣ እጃቸው አያሳምም የሚለውን ነው የፈራሁት እንዳላጣው፣ ጠዋት ጠዋት በር የሚያንኳኳ እንዳይጠፋ፣ አላየችም ነበርኮ እንዳይሉ፣ ዕውር ነበረችኮ እንዳይሉ፣ ለዚህ ነው፣ ለዚች ብጣቂ ክብር ነው እጇን የምሰጠው፣ ሰባ ሁለት ኮሌታ፣ ሁለት ልጆች፣ ያ እጅ እኔን ስታመም ያጠበኝ እጅ ነው፣ ጀርባዬን፣ እግሬን፣ ሳይጸየፈኝ፣ ተነሺ፣ ተነሺ አንቺ፣ ጉልበቴ፣ ተነሺ።

ማዘር ወዴት፣ ተራ አለ፣ ልጄ እኔ ተራ የለኝም፣ ታካሚ አይደለሁም፣ እኮ ታካሚ ካልሆኑ ውጭ ይጠብቁ፣ እኔ ነኝ ያደረግኳት፣ ምኑን፣ እጇን፣ ልጅቷን እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኳት፣ ሐኪሟ አታውቅም፣ ንገራት ወይ አሳልፈኝ። ጥርሱ ብልጭ አላለም፣ አልሳቀም፣ በሩን ራሱ ከፈተልኝ።

ዶክተር እላለሁ፣ የልጅ ልጄ ልትሆን ትችላለች፣ ግን ዶክተር እላለሁ፣ ማሽን አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ መርፌ ወግቻት ነው፣ እዚህ፣ እጅጌዋን እሰበስባለሁ፣ ምራቴ እማማ ትላለች፣ ምን ማለትዎ ነው እማማ፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ በመድኃኒቱ ናላቸው ዞሮ ነው ትላለች፣ የጠጣሁት መድኃኒት የለም ልጄ፣ መሐረቤን እፈታለሁ፣ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አደርጋለሁ፣ ስባሪው ጣቴን ቆርጦታል ደሜ ነክቶታል፣ ዶክተሯ አንስታ ታነባለች፣ ፊቷ ሲለወጥ አላይም፣ ድምፅዋ ሲለወጥ ግን እሰማለሁ።

እናቴ ደሙ እንዴት ሆኖ ነው የመጣው፣ ሳልጎትተው፣ ቀይ ነው ጥቁር፣ ቀይ፣ ሲሪንጁን ይገፋ ነበር፣ ይገፋ ነበር፣ ሕመሙ ወዴት ሄደ፣ ወደ ጣቷ፣ ወዲያው፣ ወዲያው፣ ስንት ሰጧት፣ ሁሉንም፣ ግማሹ ላይ ጮኻለች ሁሉንም ሰጠኋት፣ መርፌውን አወጡት፣ አወጣሁት፣ ትንፋሿን ትስባለች፣ ባያወጡት ኖሮ በዚያው በኩል መድኃኒት እናስገባላት ነበር፣ አሹት፣ አዎ፣ ሙቅ ውሃ፣ አዎ፣ ቀጥላ አትቆጣኝም፣ ትጣራለች፣ ነርሷ ትሮጣለች፣ ደም የሚያቀጥነውን ቶሎ፣ እጇን ከፍ አድርጉ፣ ትራስ፣ ሌላ ትራስ፣ ማንም እንዳያሻት፣ ምንም እንዳይታሰር፣ በረዶም ሙቅም እንዳይነካት፣ የቀዶ ጥገናውን ሐኪም ጥሩልኝ፣ ከሻይ ቤትም ቢሆን አውጡት። ማታ ድረስ እንያት ያለች አፍ ናት። አንድ ቃል ሰማች፣ ክፍሉ ተገለበጠ።

ከዚያ ወደ እኔ ትመለሳለች፣ ትከሻዬን ይዛ ታስቀምጠኛለች፣ እናቴ ክንድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሥር አለ፣ አንዱ ደም መላሽ ነው፣ ወደ ልብ ይመልሳል፣ የምንወጋው እሱን ነው፣ አንዱ ደም ወሳጅ ነው፣ ከልብ ወደ ጣት ይወስዳል፣ መድኃኒቱ እዚያ ከገባ ሳይበረዝ ጣት ድረስ ይወርዳል፣ ትንንሾቹን ቧንቧዎች ያቃጥላቸዋል፣ ይኮማተራሉ፣ ደም ይረጋባቸዋል፣ ጣት ይራባል፣ እንዴት አድርገው ለዩት፣ እኔም፣ ይመታ ነበር እላታለሁ፣ ሐኪም እንደሚያደርገው በጣቴ ፈለግኩ፣ የሚመታውን አገኘሁ። እናቴ ትላለች ቀስ ብላ፣ ሐኪም የሚመታውን በጣቱ የሚፈልገው ሊሸሸው ነው።

ሊሸሸው ነው።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ መወልወያውን ይዤ፣ ያ ሰው ሁለት ጣቱን አሳርፎ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ፣ እዚህ አትግባ እያለ ነበር ለራሱ፣ እኔ እዚህ ግባ ብዬ ሰማሁት፣ አንድ ቀን ጋሼ ለምንድነው እንዲህ የሚያደርጉት ብዬ ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ዳቦውን ያካፍለኝ ነበር፣ አልጠየቅኩትም፣ የሰረቀ ሰው ባለቤቱን አይጠይቅም። ልጄ አላይም እላለሁ፣ ለማን እንደምለው አላውቅም፣ ለዶክተሯ፣ ለምራቴ፣ ዓይኔ ከታመመ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ሥሩን አላየሁትም፣ በጣቴ ነው የሄድኩት፣ ምራቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፣ ለምን ይነግሯቸዋል እማማ ትላለች፣ ለምን፣ እኔ ይዤው ነበርኮ፣ እጄ ነው ያልቻለው እንጂ አፌን ይዤው ነበር።

እጁ ይተርፋል ወይ እላለሁ። ዶክተሯ አሁን ነው የነገሩኝ እናቴ ትላለች፣ አሁን ነው የጀመርነው፣ አዎ አላለችም፣ አይ አላለችም፣ አልጋውን እየገፉ ይወስዷታል፣ ጎማው አንዱ ይንጫጫል፣ የተሰቀለው እጇ ከአንሶላው በላይ ቆሞ ይሄዳል፣ ክፍል ውስጥ ለመናገር እጁን እንዳወጣ ተማሪ፣ ሊፍቱ ይዘጋል፣ እኔ ቀለበት ይዤ እቀራለሁ። ግማሹ ቀርቶ ነበር። አምላኬ ከሰዓቱ ግማሹን መልስልኝ፣ ጣት አልልህም፣ ሰዓት ነው የምለምንህ፣ ካርድ ክፍሉ ድረስ ብቻ መልሰኝ፣ ከእሷ በፊት አፌን እንድከፍት፣ ኧረ ቤት ድረስ ቢሆን፣ ሁለት ሰዓት ድረስ፣ ላስቲኩ እጄ ላይ ሳለ፣ ልጄ አላይም፣ ይኸው አሁን እንዴት ቀላል ነው፣ ልጄ አላይም፣ አላይም፣ ጥበቃው መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ውሃ ያቀብለኛል፣ ማዘር ይጠጡ፣ አልጠጣም፣ ይጠጡ፣ እጠጣለሁ።

አሁን ወራት አልፈው ብርዱ ገብቷል፣ ዝናቡ ሙልጭ ብሎ ሄዷል፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቅኩ ነው፣ የሆነውን ልጨርስልሽ ነፍሴ። እጇን በሁለት በኩል ቀደዱት፣ እብጠቱ እንዲተነፍስ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛች፣ አውራ ጣቷ ተረፈ፣ ትንሿ ተረፈች፣ የቀለበት ጣቷ ተርፏል ግን ሲነኩት አያውቅም፣ ሌባ ጣቷና የመሃሉ ጠቁረው ደረቁ፣ ሞቶ የሚቀረው ከሚድነው እስኪለይ ጠበቁና ቆረጡ፣ ሌባውን ከሁለተኛው አንጓ፣ የመሃሉን ከጫፉ፣ ዶክተሯ ያን ቀን ባይናገሩ እጁ በሙሉ ነበር የሚሄደው አለችኝ፣ ለማጽናናት ትበለው ለእውነት አልጠየቅኳትም። ከጤና ቢሮ ሁለት ሰዎች መጡ፣ የመርፌ ሳጥኔን ወሰዱ፣ ወረቀት ላይ አሻራዬን አስደረጉኝ፣ ሁለተኛ ሰው ቢወጉ ፍርድ ቤት ነው አሉኝ፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ ሲወጡ በሩን ዘግተውልኝ ሄዱ። ዩኒፎርሞቹን ከገበያው ጀርባ ያለው ሰፊ ጨረሳቸው። ልጄ መጣ፣ ሰማ፣ አንድ ወር አላናገረኝም፣ ጨው አቀብይኝ እንኳ ሲል በልጁ በኩል ነበር፣ አሁን ያናግረኛል፣ ዓይኔን ሊያሳየኝ ቀጠሮ አስይዟል። ጥበቃው ሌላ ቦታ ተዛወረ አሉን። ሰው ግን ብልቃጥ ይዞ መምጣቱን አልተወም፣ አልወጋም እላለሁ፣ ለምን ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ፣ ከነዓይኔ፣ ከነግማሹ፣ አንዳንዱ አያምነኝም፣ አንዳንዷ አይጨርሱልኝ ብላ ጆሮዋን ይዛ ትሄዳለች።

ምራቴ ማሽኑ ጋ ተመልሳለች፣ ቀጥ ያለ ስፌት ትሰፋለች፣ ጉርድ፣ መጋረጃ፣ ኮሌታ አትቀበልም። አንድ ቀን አልወቀሰችኝም ነፍሴ፣ አንድ ቀን፣ አይዞዎት እማማ ትለኛለች፣ ያ አይዞዎት ሌሊትም ቀንም ሲበላኝ ከረመ፣ መታሰርስ ቢሆን ያልቃል።

እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ። የትንሿን ልጇን ሸሚዝ ስትቆልፍላት፣ የላይኛው ቁልፍ ከጣቷ ያመልጣል፣ ትይዘዋለች፣ ያመልጣል፣ አምስቴ፣ ልጅቷ ማሚ ደወል ሊደወል ነው አለቻት፣ ምራቴ ተነስታ ቆመች፣ ወደ እኔ ዞረች፣ እርስዎ ነዎት አለችኝ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ እጄን የበሉት እርስዎ ነዎት፣ እንደማያዩ እያወቁ፣ እያቃጠለኝ እየነገርኩዎት፣ ለምን አልነገሩኝም፣ ጎረቤት አልነበርኩምኮ፣ ልጅዎ ነበርኩ፣ ለምን አልነገሩኝም። እኔ ነኝ አልኳት። አላይም ነበር፣ ማፈሬ ነው፣ ሰምቼሻለሁ፣ ሰምቼሽ ነው የገፋሁት። ምክንያት አልደረደርኩላትም። መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው፣ እስኪበቃት አለቀሰች፣ ልጅቷ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች፣ አይዞሽ አላልኳትም፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና፣ በሉ እንግዲህ ይቆልፉላት፣ ይረፍድባታል አለችኝ። ቆለፍኩላት፣ ከላይ እስከ ታች፣ ልጅቷም ቦርሳዋን አንግታ ሄደች።